ከሰል የመሰለ በርበሬ፦ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የድሮ ቀለምን ስለ መለየት

በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ የሚታይ ግራጫ የዕቃው ቀለም አይደለም፤ ፊልሙ ያን ቀለም ምን ያህል እንደተቀበለው የሚያሳይ ልክ ነው። ሁለት የተለያዩ ቀለሞች አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ፤ አንድ ቀለም ደግሞ በሁለት ፊልም ሁለት መልክ ይይዛል። የመርካቶ በርበሬ ተራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የተከመረ ዛላ በርበሬ ቀይን በማያይ ፊልም ቢነሳ ክምሩ ከሰል ይመስላል። ያው ክምር ቀይን በሚያይ ፊልም ሲነሳ መካከለኛ ግራጫ ሆኖ ከሥሩ ካለው አፈር አይለይም። ፎቶውን ብቻ ይዞ የተራውን ሞዴል ሊሠራ የተነሳ ሰው አንዴ ከሰል ተራ፣ አንዴ አፈር ተራ ሠርቶ ይገኛል። የድሮ መርከብ፣ የድሮ አውቶቡስ ወይም የድሮ ሰፈር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች አብዝተው የሚጨቃጨቁትም በዚሁ ነው፤ ቅርጽ ይለካል፣ ቀለም ግን በክርክር ይገኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከፊልሙ ኬሚካል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ምስል የሚይዘው የብር ጨው በተፈጥሮው የሚነካው በሰማያዊና በሐምራዊ ብርሃን ነው። በመጀመሪያዎቹ የመስታወት ሳህኖች ላይ ሰማዩ ነጥቶ ቀዩና ቢጫው የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ፎግል በ1873 የብር ጨው ላይ ማቅለሚያ ቢጨመርበት አረንጓዴንም ማየት እንደሚችል ደረሰበት። ከዚያ የመጣው ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ለቀይ ግን ዕውር ሆኖ ቀረ። ቀይን ጭምር የሚያየው ፓንክሮማቲክ ሳህን በ1906 ለገበያ ቢቀርብም ቶሎ አልተለመደም። ምክንያቱ የሥራ ምቾት ነበር፤ ኦርቶ በቀይ አምፖል እየታየ ይታጠባል፣ ፓንክሮ ግን በድቅድቅ ጨለማ ዳብሶ መሥራትን ይጠይቃል። ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሳ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሙያውን የወረሱት ልጆቹ ኃይጋዝና ቶርኮም የሠሩበት ዘመን ይህን ለውጥ አካቶ የያዘ ነው። ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ ሥራ ውስጥ እንኳ የአባትየው ግራጫና የልጅየው ግራጫ አንድ ናቸው ብሎ መነሳት ያሳስታል።

ሰንደቅ ዓላማው ሲታይ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሰማያዊን ብቻ በሚያይ ሳህን ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሦስቱም ይጨልማሉ። በኦርቶ ላይ አረንጓዴውና ቢጫው ፈካ ብለው ቀዩ ይጠቁራል። በፓንክሮ ላይ ቢጫው ወደ ነጭ ይጠጋል፤ አረንጓዴውና ቀዩ ግን ብዙ ጊዜ የማይለዩ ሁለት ግራጫዎች ይሆናሉ። በዚህ በኋለኛው ፊልም የተነሳ ባንዲራ ተገልብጦ ተሰቅሎ ቢሆን እንኳ ፎቶው አይመሰክርም፤ ኋላ ቀር የተባለው ኦርቶ ግን ይመሰክራል። አዲስ ፊልም ሁልጊዜ የተሻለ ምስክር ነው ማለት አይደለም።

በአለባበስ ላይ ስሕተቱ ከቀለም አልፎ ታሪክ ይፈጥራል። ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ በኦርቶ ሲነሳ ጥለቱ ጥቁር ይሆናል፤ ያን ያየ ሰው በደስታ ቀን የተነሱትን ሴቶች ሐዘንተኛ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። ሐዘንን የሚናገረው ግን ነጠላው መዘቅዘቁ ነው። ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ዞሮ እንደሆነ በየትኛውም ፊልም ላይ ይታያል። ቀለም ሲጠፋ የአለባበስ ወግ ቦታውን ይተካል ማለት ነው፤ ይህን የሚያውቀው ግን አገሬው እንጂ የፊልም ባለሙያው አይደለም።

መርካቶ ራሱ ካሜራ በበዛበት ዘመን የቆመ ገበያ ነው። የከተማዋ ትልቅ ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 አዲስ አበባን ሲይዙ፣ አርክቴክቶቻቸው ኢግናዚዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ ባወጡት ፕላን አገሬውን ከነጩ ለመለየት ታሰበ፤ ገበያውም ወደ ምዕራብ ተገፍቶ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ገበያ ተባለ። ሕዝቡ ሁለተኛውን ቃል ጥሎ የመጀመሪያውን አስቀረ። በዚያ ጊዜ ኢስቲቱቶ ሉቼ የተባለው የፋሽስት መንግሥት የፊልም ድርጅት ከተማዋን ለፕሮፓጋንዳ ሲያነሳ ቆይቷል፤ ወታደሩም የየራሱ ካሜራ ነበረው።

በእንዲህ ያሉ ፎቶዎች ላይ ከሁሉ አሳሳቹ ቆርቆሮ ነው። አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ የዛገ ቆርቆሮ ቀይ ቡኒ ስለሆነ በኦርቶ ላይ ሬንጅ የተቀባ ይመስላል። በዚያ ላይ የአንድ ጣሪያ ሁለት ገጽ፣ አንዱ ፀሐይ አንዱ ጥላ ላይ ስለሚሆን፣ ሁለት ቀለም የተቀባ ያህል ይለያያል። ሞዴል ሠሪ ጣሪያዎቹን ጥቁር ከመቀባቱ በፊት የጥላውን አቅጣጫ ማየት አለበት፤ ይህ ቀላል ምክር ይመስላል፣ ግን የሚከበር አይመስልም።

ፊልሙ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ፍንጩ እዚያው ፎቶው ውስጥ ይገኛል። ሰማዩ ደመና አልባ፣ እንደ ወረቀት ባዶ ከሆነ፣ የሰዎቹም ከንፈር ከልክ በላይ ከጠቆረ ኦርቶ መሆኑ ይገመታል። ከዚያ ቀለሙ የታወቀ ነገር ይፈለጋል። ለኋለኛው የመርካቶ ፎቶ ምርጡ መለኪያ አንበሳ አውቶቡስ ነው፤ ቀይና ቢጫ መሆኑን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ቢጫው ፈክቶ ቀዩ መካከለኛ ግራጫ ከሆነ ፊልሙ ፓንክሮ ነው። ሰማያዊና ነጭ ታክሲ፣ ሴይቼንቶም ሆነ ላዳ፣ ሰማያዊው ምን ያህል እንደጠቆረ ይነግራል። አውቶቡሱና ታክሲው አንድ ፎቶ ውስጥ ከተገኙ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ነጭ በአንድ ብርሃን ተሰልፈው ቆሙ ማለት ነው፤ ከአጠገባቸው ያለው የሱቅ በር በእነሱ ይለካል። ውጤቱም «ከሰማያዊው ታክሲ የጠቆረ፣ ከቀዩ አውቶቡስ የፈካ» የሚል ገደብ ነው። ስም ያለው ቀለም አይደለም፤ ግን ብዙ ግምቶችን ይጥላል።

ዕቃው ራሱ ካለ ፎቶን መጠየቅ ሁለተኛ ነገር ይሆናል። ምናለሽ ተራ ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው በርሜል፣ በርና ላሜራ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ የሚሆንበት ቦታ ነው። በአሮጌ የሱቅ መዝጊያ ላይ ያለን ቀለም ለማንበብ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ጥቂት ውሃና ትዕግሥት ይበቃሉ። የሳንቲም ያህል ቦታ እየተዞረ ይፈተጋል፤ መካከሉ ጠልቆ ዳሩ ከፍ እንዲል። ብረቱ ብቅ ሲል ማቆም ነው። ያኔ ቀለሞቹ እንደ ሽንኩርት ቀለበት ተከታትለው ይታያሉ፦ ዳር ላይ የመጨረሻው፣ ወደ መሐል የቀደመው፣ ብረቱን ከቦ ደግሞ ቀይ ቡኒው አንቲረስት። አንቲረስቱን የመጀመሪያ ቀለም ነው ብሎ መቁጠር የጀማሪ ስሕተት ነው፤ ማንም ሱቁን በአንቲረስት አላስጌጠም። ሌላም ወጥመድ አለ። የዘይት ቀለም ለዓመታት ብርሃን ካላገኘ ቢጫ ይላል፤ ከሥር የወጣ ክሬም ቀለም ቀድሞ ነጭ የነበረ ሊሆን ይችላል። የተፈተገውን ቦታ ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ቢያሳዩት ቢጫነቱ ይቀንሳል፤ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይሰጣል።

ቀለም የለበሱ ፎቶዎች ይህን ድካም ያስቀሩ ይመስላሉ፤ ሁሉም ግን አይታመኑም። በእጅ ቀለም የተቀባ የፎቶ ቤት ሥዕል የሚያሳየው የቀቢውን ምርጫ ነው። የድሮ ፖስት ካርድ ብዙውን ጊዜ አውሮፓ የታተመ ነው፤ ሸማውን ሮዝ ያደረገው ሠራተኛ ሸማ በዓይኑ አይቶ ላያውቅ ይችላል። ዛሬ ኮምፒውተር የሚያለብሰው ቀለም ከዚህ አይሻልም፤ እሱም ከሌሎች ሥዕሎች አይቶ ይገምታል እንጂ ግራጫው ውስጥ የሌለውን አያወጣም። እውነተኛ ቀለም ያነሳው የሉሚየር ወንድማማቾች አውቶክሮም ነው፤ በ1907 ለገበያ ሲቀርብ ብርሃኑን የሚያጣራው ቀለም የተነከረ የድንች ስታርች ነበር። በ1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዘውድ መጫን ሊዘግብ የመጣው ሮበርት ሙር ለናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ባለቀለም ፎቶ ያነሳው በዚያ ዘመን ዘዴ ነው፤ ፎቶዎቹ በመጽሔቱ የሰኔ 1931 እትም ወጥተዋል።

የብስ ላይ ያለ ነገር ይፋቃል። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ ግን የሚፋቅ አካል አላስቀረችም። መርከቧ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ንብረት ሳለች «ኦርካ» ትባል ነበር፤ በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ በጥቅምት 1942 ወደ ውሃ ወርዳ በጥር 1944 ሥራ የጀመረች፣ የባሕር አውሮፕላኖችን የምታገለግል፣ 95 ሜትር የሚሆን ርዝመት ያላት ነበረች። በጥር 1962 ለኢትዮጵያ በውሰት ተሰጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ ቁጥሯም ኤ 01 ሆነ። መደቧ ምፅዋ ነበር። በግንቦት 1991 ሌሎች መርከቦችን አስከትላ ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 እዚያው ለብረታ ብረት ተሸጠች።

የእሷን ቀለም የሚፈልግ ሰው ሁለት ዘመን መለየት አለበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቀለሞች ከነጭ መነሻ ቀለም ላይ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ ማቅለሚያ በመጨመር የሚዘጋጁ ነበሩ። ጥቁር የሚመስለው «ኔቪ ብሉ» በኦርቶ ላይ ፈክቶ፣ በፓንክሮ ላይ ጠቁሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ሁለት ፎቶ ይዞ መርከቧ በመካከሉ ቀለም ቀይራለች ማለት ይመጣል። በ1945 ያ ማቅለሚያ ሲያጥር ባሕር ኃይሉ ጥቁርና ነጭ ብቻ ወደ ተደባለቀበት ግራጫ ዞረ፤ በሰላሙ ዘመን የጎኖቹ ደንብ «ሄዝ ግሬይ» የተባለው ፈካ ያለ ግራጫ ነበር። ምፅዋ የደረሰችው የዚህ ደንብ ልጅ ናት። ከዚያ ወዲያ ግን የቀይ ባሕር ፀሐይና ጨው አለ። የመርከብ ቀለም በፀሐይ ዱቄት እያወጣ ይነጣል፤ በክፍል በክፍል ሲታደስ ደግሞ እንደ ተጣጣፈ ልብስ ይዘበራረቃል። በአንድ ፎቶ ላይ የሚታይ ልዩነት ሁሉ የተለየ ቀለም ነው ማለት አይቻልም።

ፎቶ ብቻውን ምን ያህል ደካማ እንደሆነ የእንግሊዞቹ ጉዳይ ያሳያል። ሎርድ ማውንትባተን በ1940 መርከቦቹን ግራጫ ባዘለ ሮዝ አስቀብቶ ነበር፤ «ኬንያ» የተባለችው መርከብ በዚሁ ሳቢያ «ሮዟ እመቤት» የሚል ቅጽል አገኘች። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ያ ሮዝ ተራ ግራጫ ነው። ትእዛዙና የባሕረተኞቹ ወሬ ባይቀር ኖሮ ከፎቶ ተነስቶ ሮዝ ይሆናል ብሎ የሚገምት አይኖርም ነበር።

ቀለሙ ከታወቀ በኋላም ሥራው አላለቀም። 95 ሜትሯ መርከብ በ1 ለ350 ስትሠራ 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ አንድ ሜትር ርቆ ማየት እውነተኛዋን ከ350 ሜትር እንደማየት ነው። በዚያ ርቀት መካከል ያለው አየር ቀለምን ያደበዝዛል። ስለዚህ ትክክለኛው ቀለም እንዳለ ሲቀባ ሞዴሉ ላይ ከባድ ይመስላል፤ ጥቂት ነጭ ይጨመርበታል። ጥቁርና ነጭ ብቻ የተደባለቀ ግራጫ ወደ ሰማያዊ እንደሚያደላም መታወስ አለበት፤ የሚያስተካክለው ጠብታ ቡኒ ነው። የሚያብረቀርቅ የበር ቀለም ለመርከብ አይሆንም፤ ብርሃን የመለሰበት ቦታ ሁሉ ፎቶው ላይ እንደታየው ዓይነት ውሸት ይፈጥራል።

በየዓመቱ በምፅዋ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት መርከቦች ይገኙ ነበር፤ በዚያ ዘመን ባለቀለም ስላይድ በየባሕረተኛው እጅ ገብቶ ነበር። የ«ኢትዮጵያ»ን ቀለም ለማየት ከፎቶዎች ሁሉ የሚሻለው ያ ነው፣ የፊልሙ ስም ከታወቀ። በጨለማ የተቀመጠ ኮዳክሮም ቀለሙን ለብዙ አሥርት ዓመታት ይጠብቃል። በ1960ዎቹ የነበረው ኤክታክሮም ግን እየቆየ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ስሙ ያለው የስላይዱ የካርቶን ፍሬም ላይ ነው፤ ስላይድ ያለው ሰው ፍሬሙን አይጣል። «ኢትዮጵያ» በአንድ አሮጌ ስላይድ ላይ ሮዝ ሆና ከታየች፣ እሷ እንደ «ኬንያ» አልተቀባችም፤ የተበላሸው ፊልሙ ነው።