የመንደር ውልና የቤት ክርክር፦ ከመፈረም በፊትና ከመክሰስ በፊት

በጥብቅና ሥራዬ ከሚያጋጥሙኝ ጉዳዮች መካከል ብዙዎቹ ከቤትና ከይዞታ ጋር የተያያዙ ናቸው። ባለጉዳዮቹ በዕድሜም በኑሮም የተለያዩ ይሁኑ እንጂ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ወደ ሕግ ባለሙያ የሚመጡት ገንዘቡ ከተከፈለ፣ ፊርማው ከተፈረመና የፍርድ ቤት መጥሪያ እጃቸው ከገባ በኋላ ነው። በዛሬው ጽሑፌ በቤት ሽያጭ ሰበብ የሚነሱ ክርክሮች ከየት እንደሚመነጩ፣ ሕጉ ምን እንደሚልና አንድ ሰው የሕግ ድጋፍ ከየት ሊያገኝ እንደሚችል በተቻለኝ መጠን ለማሳየት እሞክራለሁ።

መነሻ የሆኑኝ አንዲት እናት ናቸው። ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘው ቢሮዬ መጡ። በ1997 ዓ.ም. ኮተቤ አካባቢ ሁለት ክፍል ቤት በ60 ሺህ ብር ገዝተዋል። ውሉ በመንደር ሽማግሌዎች ፊት ተጽፎ ሦስት ምስክሮች ፈርመውበታል። ሻጩ «ስሙን በኋላ እናዛውራለን» ብለው ጠቅላላ ውክልና ሰጥተዋቸዋል። እሳቸውም ሁለት ክፍል ጨምረው ሠርተው፣ ግብሩን በሻጩ ስም እየገበሩ ከ10 ዓመት በላይ ኖሩበት። በመካከሉ ሻጩ ሞቱ። ልጆቻቸው የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥተው «የአባታችንን ቤት ይልቀቁልን» ሲሉ ከሰሱ። ስለ ሽያጩ ሲጠየቁም «የምናውቀው ነገር የለም» አሉ።

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ እያየ ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት ቤት እንዴት የእኔ አይሆንም?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ቀላል አልነበረም።

ሕጉ ምን ይላል?

እንደሚታወቀው በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆነዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ስለዚህ በእኛ አገር በግለሰቦች መካከል የሚሸጠው በቦታው ላይ ያረፈው ቤት ነው። ባዶ ቦታን «ሸጥኩልህ፣ ገዛሁህ» የሚል ወረቀት ከመነሻው የሕግ መሠረት የለውም።

ቤቱን በተመለከተ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ ውጤት እንደሌለው ይገልጻል። በቁጥር 1723 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ከመሆኑም በላይ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት ይናገራል። ይህ አካል ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» እያለ የሚጠራው መሥሪያ ቤት ነው።

ቁጥር 1723 ለማስረጃ ብቻ ነው ወይስ ውሉ እንዲጸና የግድ መሟላት ያለበት ነው የሚለው ለብዙ ዓመታት ዳኞችንም ጠበቆችንም ሲያከራክር ቆይቷል። በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በሰበር መዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ መሟላት ያለበት ግዴታ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ በተሰጡ ውሳኔዎች ደግሞ ሻጩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሽያጩን ካልካደ፣ ውሉ አልተመዘገበም በሚል ብቻ ፈራሽ እንደማይሆን ተብራርቷል። የሰበር የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሻጩ በሕይወት ካሉና «አዎ ሸጫለሁ» ካሉ ገዢው መውጫ ያገኛል። ሻጩ ከካዱ ወይም ሞተው ወራሾች ከካዱ የመንደር ውሉ ብዙ አያስኬድም።

ውሉ ፈራሽ ሲባል ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ወደነበሩበት ይመለሳሉ (ቁጥር 1815)። ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. የተከፈለ 60 ሺህ ብር ዛሬ ቢመለስ ያንን ቤት ቀርቶ የግቢውን አጥር አይሠራም። ገዢው በቤቱ ላይ ለጨመረው ግንባታ ግምት መጠየቅ ይችላል። ለዚህም የዕቃ መግዣ ደረሰኝና የባለሙያ ግምት ያስፈልገዋል፤ ደረሰኝ የሚያስቀምጥ ግን ጥቂት ነው።

ካርታና ውክልና

ብዙ ሰው «ካርታ በእጄ ነው» ብሎ ይተኛል። የባለቤትነት ማስረጃው የተሰጠው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል (ቁጥር 1195)። ሆኖም ይህ ግምት በሕጉ ቁጥር 1196 በተዘረዘሩ ምክንያቶች ሊፈርስ ይችላል፤ ለምሳሌ ማስረጃው ከደንብ ውጪ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል ከተሰጠ፣ ወይም መሠረቱ ፈራሽ የሆነ ውል ከሆነ። የሻጭን ካርታ በእጅ መያዝ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ ወረቀቱ የሚናገረው ስሙ ለተጻፈበት ሰው ነው።

በውክልና መግዛትና መሸጥም ሌላው የክርክር ምንጭ ነው። በተለይ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ልብ ሊሉ ይገባል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አያበቃም፤ የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ መሰጠት አለበት። በሌላ በኩል በቁጥር 2232 መሠረት ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል። የኮተቤዋ እናት ለዓመታት በሣጥናቸው ያስቀመጡት ውክልና ሻጩ በሞቱ ዕለት ዋጋ አጥቷል ማለት ነው። ቤት ገዝቶ ስም ማዛወርን ለነገ የሚተው ሰው በሌላ ሰው ዕድሜ ላይ እየተወራረደ ነው።

የትዳር ጓደኛና ወራሾች

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ቤቱን የባል ብቻ አያደርገውም። ሳይጠየቅ የቀረው ተጋቢ ሽያጩ እንዲፈርስ መክሰስ የሚችለው ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ግን ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው (አንቀጽ 69)። ጊዜው አጭር ስለሆነ «ነገ እጠይቃለሁ» የሚያዋጣ አይደለም።

የውርስ ቤትም እንዲሁ ነው። ቤቱ ገና ያልተከፋፈለ ከሆነ ከወራሾች አንዱ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። ታላቅ ወንድም ስለሆነ ወይም ቤቱ ውስጥ ስለሚኖር ብቻ የሁሉም ተወካይ አይሆንም።

ከመግዛት በፊት

ደላላው ቢያጣድፍም የሚከተሉትን ሳያረጋግጡ ቀብድ አይስጡ፦

1ኛ. ካርታው ትክክለኛ መሆኑን ከሰጠው የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት ማጣራት፤

2ኛ. ቤቱ በባንክ ብድር የተያዘ ወይም የፍርድ ቤት እግድ ያለበት አለመሆኑን ማረጋገጥ፤

3ኛ. ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው እንዲፈርም፣ ካላገባ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያቀርብ ማድረግ፤

4ኛ. ወኪል ከሆነ የውክልናውን ቃል ማንበብና ውክልናው አለመሻሩን ማጣራት፤

5ኛ. በውሉ ላይ እውነተኛውን ዋጋ መጻፍ። የስም ማዛወሪያ ለመቀነስ ሲባል ዋጋ ዝቅ አድርጎ የጻፈ ሰው ውሉ ቢፈርስ የከፈለውን ሙሉ ገንዘብ ለማስመለስ ይቸገራል።

ስለ ቀብድም አንድ ነገር ልጨምር። በቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን አልፈጽምም ካለ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው እምቢ ካለ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ገንዘቡ በባንክ በኩል ቢተላለፍ ደግሞ ማስረጃው ከሰው ምስክር የተሻለ ነው።

ክርክር ከተነሳ በኋላ

የማይንቀሳቀስ ንብረት ክስ የሚቀርበው ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ ላለ ፍርድ ቤት ነው (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 25)። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ግምቱ ከ10 ሚሊዮን ብር የሚበልጥ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ የሚጀመረው በከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው።

የክሱን ዓይነት መለየትም ወሳኝ ነው። ይዞታዬን ተነጠቅሁ ወይም ሁከት ተፈጠረብኝ የሚል ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት (ቁጥር 1149)። ባለቤት ነኝ የሚል ደግሞ የመፋለም ክስ ያቀርባል (ቁጥር 1206)። ሁለቱን አደባልቆ በፍርድ ቤት በር ላይ በራፖር ጸሐፊ ያስጻፈ ባለጉዳይ ማስረጃ እያለው ሊሸነፍ ይችላል።

ቤቱ በክርክሩ ጊዜ ለሦስተኛ ሰው እንዳይተላለፍ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት እግድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሳያውቅ በቤቱ ላይ የተፈረደበት ሰው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት በቁጥር 358 የመቃወም አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። የይግባኝ ጊዜ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን መሆኑንም ማስታወስ ይገባል።

የሕግ ድጋፍ ከየት ይገኛል?

ጠበቃ ሲይዙ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን ይጠይቁ፤ ክፍያውንና የሚሠራውን ሥራ በጽሑፍ ይዋዋሉ። ዋናውን ሰነድ ለራስዎ አስቀምጠው ኮፒ ይስጡ። «መቶ በመቶ እናሸንፋለን» ወይም «ዳኛውን አውቀዋለሁ» ከሚል ሰው ይራቁ።

አቅም የሌለው ባለጉዳይም መንገድ አለው። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም በየአካባቢያቸው የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ከፍተዋል።

ዕርቅንም መናቅ አይገባም። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ለግልግል ዳኝነትና ለዕርቅ ሥርዓት አበጅቷል። ክርክር በፍርድ ቤት ላይ እያለ የተደረገ ስምምነትም ለችሎቱ ቀርቦ ሊመዘገብ ይችላል (የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 274 እና ተከታዮቹ)። ሆኖም የሽማግሌ ቃል ብቻውን ስም አያዛውርም፤ በወረቀት ሰፍሮ ሕጉ ባዘዘው ቦታ መድረስ አለበት።

የኮተቤዋ እናት ጉዳይም የተቋጨው በዚሁ መንገድ ነው። ለጥያቄያቸው የሰጠሁት መልስ «እማማ፣ እውነቱ ከእርስዎ ጋር ነው፤ ማስረጃው ግን ከእርስዎ ጋር አይደለም» የሚል ነበር። ለደቂቃዎች ዝም አሉ። ክርክሩን ገፍቶ ቤቱን ከማጣት ሽማግሌ መላክ እንደሚሻል ተስማማን። በውሉ ላይ ከፈረሙት ምስክሮች በሕይወት የነበሩት አንድ አዛውንት የሟቹ የንስሐ ልጅ ወዳጅ ስለነበሩ ልጆቹን ሰብስበው አነጋገሩ። ትልቋ ልጅ አባቷ ገንዘቡን ሲቀበሉ ማየቷን አመነች። በመጨረሻ ወራሾቹ ተጨማሪ ገንዘብ ተቀብለው ሁሉም ውልና ማስረጃ ቀርበው ፈረሙ። እኚህ እናት አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ ገዙት፤ ሁለተኛውን ክፍያ የከፈሉት ለልጃቸው ሠርግ ካስቀመጡት ነው።

ያኔ በ1997 ዓ.ም. ሁለቱም ወገኖች አንድ ጠዋት ውልና ማስረጃ ቢሄዱ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ይህን ጽሑፍ የሚያነብና በመንደር ውል የገዛው ቤት ያለው ሰው፣ ሻጩ በሕይወት ካሉ ዛሬ ነገ ሳይል ይዟቸው ይሂድ።