«ሻምፖ» የሚለው ቃል ከወዴት መጣ

ወጣቶች ሆይ፤ ጠጉር ማስተካከያ ቤት ገብቶ ወረፋ የጠበቀ ሁሉ «ሻምፖ» የሚለውን ቃል ያውቃል። እኔም ለብዙ ዘመን ቃሉ የሳሙናው ስም፣ እንግሊዞችም ከገዛ ቋንቋቸው ያወጡት ይመስለኝ ነበር። በኋላ መዝገበ ቃላት ገልጬ ስመለከት ግን እንኳን ሳሙናው ጠጉሩም በጥንተ ትርጕሙ ውስጥ አልነበረም።

ቃሉ የሕንድ ነው። በሕንድኛ «ቻምፕና» መጫን፣ ማሸት ማለት ሲሆን «ቻምፖ» ትእዛዝ አንቀጹ ነው፤ «ጫን ጫን እያደረግህ እሸኝ» እንደ ማለት ያለ ነው። እንግዲህ እንግሊዞች ይዘውት የሄዱት ጌታ ተጋድሞ ለአሽከሩ የሚናገረውን ቃል ነው ማለት ነው። አሽከሩ ምን ብሎ እንደ መለሰ መዝገበ ቃላቱ አይጽፍም።

ይህን የትእዛዝ ቃል ወደ ማዕርግ የለወጠው አንድ ሕንዳዊ ነው። ስሙ ሼክ ዲን መሐመድ ይባላል፤ በ1759 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በፓትና ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ አባቱ ሞተበትና የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን ጦር ተከትሎ አደገ። በ1784 ወደ አየርላንድ ተሻገረ፤ በ1794ም ስለ ጕዞው አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሕንዳዊ በእንግሊዝኛ ጽፎ ያሳተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። በ1810 በሎንዶን የአገሩን ምግብ የሚሸጥበት ቡና ቤት ከፈተ፤ ነገር ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰረና ዕዳውን መክፈል አቃተው። ያን ጊዜ ዕድሜው ከኀምሳ አልፎ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ባሕር ዳርቻው ከተማ ወደ ብራይተን ሄዶ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ያቆመው። በሽተኛው በፍላኔል ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ቅጠላ ቅጠል በገባበት እንፋሎት ያልበዋል፤ አሺው በውጭ ቆሞ በድንኳኑ እጅጌ ክንዶቹን አስገብቶ ያሸዋል። በ1822 ስለ ሻምፖ ያሳተመው መጽሐፍ የሚናገረው ስለ ቍርጥማትና ስለ ሽባነት ነው እንጂ ስለ ጠጉር አይደለም። ጠላቶቹ መጀመሪያ አፌዙበት። የዳኑት ግን ምርኵዛቸውን በግድግዳው ላይ እየሰቀሉለት ሄዱ፤ ንጉሥ ጆርጅ ፬ኛም ፈለገው፤ «የንጉሡ የሻምፖ ሐኪም» ተባለ። ስንፍና የወለደው ትእዛዝ በዚህ ሰው እጅ የሐኪም ማዕርግ ሆነ!

እርሱ በ1851 ሲሞት የሚያስታውሰው ጥቂት ነበር። ወዲያው ቃሉ ደግሞ ወደ ራስ ወጣ፤ ከ1860ዎቹ ጀምሮ እንግሊዞች ጠጉር ማጠብን ሻምፖ ይሉት ጀመር። በ1903 በበርሊን ሐንስ ሽቫርትስኮፕፍ የሻምፖ ዱቄት ለገበያ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉ የጠርሙሱ ሆነ፣ እጅም ተረሳ። ለዲን መሐመድ በቡና ቤቱ ሥፍራ የመታሰቢያ ሰሌዳ የተሰቀለለት ገና በ2005 ነው።

ባለፈው ሳምንት ጠጉር አስተካካዩ ጐበዝ ራሴን ከተላጨሁ በኋላ በጣቶቹ ጫን ጫን እያደረገ ሲያሸኝ፣ «ጋሼ፣ ሻምፖም ላድርግልዎ?» አለኝ። «እያደረግህልኝ አይደለም እንዴ?» ብለው ቀልድ መስሎት ሳቀ።