99 ደረጃ ወደ ማኅደረ ብርሃን

የከሚሴ ልጅ ባሕርን የሚያውቀው በከባድ መኪና ነው። አጎቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር፤ ከኮምቦልቻ ታጥፎ በባቲ በኩል ወደ አፋር በረሃ ይወርድ ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ መስመሩ ወደ ጅቡቲ ዞሯል።

ለትምህርት ጃፓን እንደመጣሁ የመጀመሪያዋን የዕረፍት ቀኔን ለባሕር ሰጠኋት። ከቶኪዮ ቾሺ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ አንዲት የምትንቀጫቀጭ ትንሽ ባቡር ኢኑቦሳኪ ታደርሳለች። ከገደሉ ጫፍ 31 ሜትር የሚረዝም ነጭ የመብራት ማማ ቆሟል፤ መርከብ በሌሊት ከዓለት እንዳይላተም የሚያበራ።

ጃፓን እነዚህን ማማዎች የሠራችው ወዳ ብቻ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) በ1866 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ አሜሪካና ሆላንድ ያስፈረሟት የንግድ ውል ለመርከቦች መብራት እንድታቆም ያስገድዳታል። ሥራውን የያዘው ስኮትላንዳዊው ሪቻርድ ሄንሪ ብራንተን የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ ነበር፤ የመብራት ማማ ሥራን የተማረው ከተቀጠረ በኋላ፣ በጥቂት ወራት ነው። ሲቪያችን ላይ የማናውቀውን ፍሬምወርክ ጽፈን፣ ሥራ ስንይዝ ዩቲዩብ ለምንከፍት ፕሮግራመሮች ልብ የሚያሳርፍ ታሪክ ነው።

ጡቡ ግን የጃፓን ነው። ብራንተን የአገሬውን ጡብ ጥራት አላመነም ነበር ይባላል። ያም ሆኖ 193 ሺህ ገደማ ጡብ እዚያው አገር ተተኮሰ፣ ግድግዳው ድርብ ሆነ፣ ማማው በ1874 በራ። ብራንተን በ1876 ሄደ። ጡቡ ዛሬም አለ።

99ኙን ደረጃ ስወጣ ያሰብኩት ብላቴን ጌታ ኅሩይን ነው። በ1931 መጨረሻ ጃፓንን ጎብኝተው የጻፉትን መጽሐፍ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» አሉት፤ የብርሃን ማደሪያ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የታወጀውና በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት ሕገ መንግሥታችንም ከጃፓኑ የ1889 ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። ንድፉን ወሰድን እሺ፤ ጡቡንስ ማን ተኮሰው?

ማደሪያውም ለእኛ አላበራም። በ1936 ጃፓን ለጣሊያን ወረራ ዕውቅና ሰጠች። ኅሩይ በ1938 እንግሊዝ አገር በስደት ሞቱ። መጽሐፉን ባነሳሁ ቁጥር ርዕሱ የሚከብደኝ ለዚህ ነው።

ማማው አናት ላይ ነፋሱ ሰው ይገፋል። ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩ።

«ምነው እንዲህ ይጮኻል? ከቦርከና ጎርፍ ይብሳል እኮ!»

«ባሕሩ ነው፣ እማ።»

ትንሽ ዝም አለች። «አጎትህ መርከቦቹን ነበር የሚያወራልን» አለችኝ። ስልኩን አዙሬ ከአድማሱ ላይ አንዲት ፈለግኩላት።