ዳግም የተሞላ ቀለህ፤ ስለ ውጅግራ ጥይት አቆጣጠር

የኢትዮጵያን የጦር መሣሪያ ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው ከባሕር ማዶ የገባውን ጠመንጃና ጥይት ቁጥር ነው። የጠመንጃው ቁጥር ብዙ ያስረዳል፤ የጥይቱ ቁጥር ግን ብቻውን ያሳስታል። ጥይት አንድ ጊዜ ተተኩሶ ያልቃል ብሎ መቁጠር ለአውሮፓ ጦር የሚስማማ ሒሳብ ነው። ቀለሁ ከመሬት ተለቅሞ እንደ ገና ባሩድና አረር በሚጎርስበት አገር ግን ሒሳቡ ይፋለሳል። ይህ ጽሑፍ ነገሩን በውጅግራ ጠመንጃ ምሳሌነት ለመመርመር ይሞክራል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ሲሆን፥ ትርጕሙ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ባዚል ግራ የተባለው የፈረንሳይ መኮንን የ1866ቱን ሻስፖ የተባለ የወረቀት ጥይት ጎራሽ ጠመንጃ አሻሽሎ በ1874 የናስ ቀለህ እንዲጎርስ አደረገው። በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ፈረንሳዮች በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን የለበል ጠመንጃ ሲቀበሉ፥ ውጅግራ አሮጌ ዕቃ ሆነና በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ገባ። በ1896 በዐድዋ ላይም አገልግሏል።

ፈረንጆች ያረጀ ዕቃ አራገፉብን የሚል ወቀሳ አለ። ወቀሳው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን ያረጀው ጠመንጃ ባለቤቱ ራሱ ሊመግበው የሚችል መሆኑ ተዘንግቷል።

የውጅግራ ጥይት ከፋብሪካ ሲወጣ 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድና በወረቀት የተጠቀለለ 25 ግራም የሚያህል የእርሳስ አረር ነበረው። ጥቁር ባሩድ የሚሠራው ባሩድ ጨው ከሚባለው ማዕድን፥ ከከሰልና ከድኝ ሲሆን፥ ከመቶው 75 ያህሉ ጨው ነው። ጨው ከከብት በረትና ከዋሻ አፈር ታጥቦ ይወጣል፤ ከሰል በየቦታው አለ፤ ድኝም በደንከል በረሃ ይገኛል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን በአሞላሉ ነው። በጥቁር ባሩድ ጊዜ ቀለሁ ራሱ መስፈሪያ ስለሆነ፥ ሞልተው አረሩን ቢገጥሙበት ከመጠን አልፎ ጠመንጃውን የሚሰብርበት ምክንያት የለም። ጭስ አልባው ባሩድ በስስ ሚዛን ይመዘናል፤ ያንኑ ቀለህ በእርሱ የሞላ ሰው ዓይኑን ወይም እጁን ያጣል።

አረሩም እንዲሁ ነው። እርሳስ በቀላል እሳት ስለሚቀልጥ በጭልፋ ቀድቶ በቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ ልዩ ፋብሪካ አይጠይቅም። ለስላሳ እርሳስ ጥቁሩ ባሩድ በድንገት ሲገፋው ከኋላው ያብጥና በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጹትን አራት ጠመዝማዛ ቦዮች ይሞላል፤ ስለዚህ ልኩ ጥቂት ቢያንስም እየተሽከረከረ ይሄዳል። ወረቀቱ ከቀረ ግን እርሳሱ በቦዮቹ ላይ እየተለጠፈ ጠመንጃው ዒላማ መሳት ይጀምራል፤ ሰምና ሞራ መቀባት ይህን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። በእርሳስ ፈንታ ብረት ያጎረሰ ሰው ደግሞ ሁለት ጉዳት አለበት፤ ብረቱ አያብጥምና ጋዙ በጎኑ ያመልጣል፤ ቦዮቹንም ይፍቃል። በለበል ላይ ይህ ሁሉ ዘዴ አይሠራም። የለበል አረር በሰኮንድ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚፈጥን፥ ባዶ ለስላሳ እርሳስ ቦዩን ሳይዝ ተልጦ ያልፋል።

የእጅ ሥራው ወሰን መቀጣጠያው ነበር። በቀለሁ ቂጥ የምትገባው ትንሽ ቆብ የምትይዘው ቅመም የኬሚስት ሥራ ነው። ሌላው ወሰን የናሱ ድካም ነው፤ ደጋግሞ የተተኰሰ ቀለህ አንገቱ እየጠነከረ ይሄድና በመጨረሻ ይሰነጠቃል። አንገቱን በእሳት አግሎ ማለስለስ ዕድሜውን ያራዝመዋል።

እዚህ ላይ የገበያውን ነገር ማንሣት ግድ ነው። ጥይት በኢትዮጵያ እንደ አሞሌ ጨው የመገበያያ ዝርዝር ነበረ፤ የማርትሬዛ ብር ለትንሽ ዕቃ ስለሚከብድ ጥይት መልስ ሆኖ ይሰጥ ነበር። ይህ ልማድ ለታሪክ ጸሐፊ ችግር ያመጣል። ለገንዘብነት የሚፈለገው የጥይቱ መልክ ነው፤ መተኰሱ በገበያ አይፈተንም። ከሦስት ወይም ከአራት እጅ ያለፈ ጥይት በውስጡ የፈረንሳይ ባሩድ ይኑር የአገር ባሩድ ባለቤቱም አያውቅም። እንግዲህ ወደ ጦር ሜዳ የሚወርድ ወታደር ዝናሩ ውስጥ የተለያየ ኀይል ያላቸው ጥይቶች ተቀላቅለው ይኖራሉ ማለት ነው። የጠመንጃው ማነጣጠሪያ የተቆጠረው አረሩ በሰኮንድ ወደ 450 ሜትር እንደሚሄድ ታስቦ ነው። ደካማ ባሩድ የጎረሰ ጥይት ግን ከታሰበለት በታች ይወድቃል፤ ስለዚህ በማነጣጠሪያው ላይ የተጻፈው ርቀት ዋጋ የለውም። ተኳሹ መቅረብ አለበት። የኢትዮጵያ ተዋጊ ወደ ጠላት ተጠግቶ መተኰስ ይወድ እንደ ነበረ ሲነገር ለጀግንነት ብቻ ይሰጣል፤ በእኔ አስተያየት የባሩዱም ነገር መታሰብ አለበት።

በ1890 የብራስልስ ጉባኤ በአፍሪካ ከሰሜን 20ኛው እስከ ደቡብ 22ኛው ዲግሪ ባለው አገር የጦር መሣሪያ ንግድ እንዲገደብ ወሰነ። ስምምነቱ ወደቡን ሊያጠብ ይችል ነበር፤ ቀለህ የሚሞላውን ሰው ግን አልደረሰበትም። በ1935 ጣሊያን ሲወር አያሌ ኢትዮጵያውያን ከአዳዲሶቹ ጠመንጃዎች ጎን ውጅግራ ይዘው የዘመቱትም በድህነት ብቻ አይመስለኝም።

ጥናቱን ለመቀጠል የሚሻ ተማሪ ከወደብ መዝገብ ሌላ ምስክር አለው፤ እርሱም ቀለሁ ነው። በየቤቱ በሣጥን የቀረው የውጅግራ ቀለህ አንገቱ መሰንጠቁ፥ በእሳት የተለበለበ መሆኑ፥ የመቀጣጠያው ጉድጓድ በጉጠት መቧጨሩ፥ ስንት ጊዜ እንደ ተሞላ ይጠቁማል። እነዚህ ተሰብስበው ቢመረመሩ፥ አንድ የገባ ጥይት እንደ ስንት ጥይት መቈጠር እንዳለበት ለመገመት መነሻ ይሆናሉ።