ተረኛዋን ማን ይተካት?

ሐኪም ቤት ደጅ ያልቆመ ቤተሰብ የለምና እስቲ አንድ ቀን አስታውሱ። የታመመች እናታችሁን ደግፋችሁ ወረፋ ስትጠብቁ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሲስተር ብቅ ብለው «ውጭ ጠብቁ አልኩ እኮ!» ብለው ሲቆጡ በልባችሁ ምን አላችሁ? ብዙዎቻችን «ልባቸው ደንድኗል» እንላለን። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ።

ይህን አስተሳሰቤን ያስለወጡኝ እንጅባራ ውስጥ ያገኘኋቸው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ወቅቱ ክረምት ነበር። የእንጅባራን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ከቀርቀሃው ላይ አይነሳም፣ ብርዱም አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ሴትዮዋ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ያበጠ እግራቸውን ያሻሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በገጠር ጤና ጣቢያና በሆስፒታል አገልግለዋል።

«በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሌሊት ተራ ወጥቼ ቤቴ ስገባ፣ የገዛ ልጄ ሲያስል እንኳ ያናድደኝ ጀመር» አሉኝ። «ያኔ ራሴን ፈራሁት። ድሮ የማላውቀው ሰው ሲሞት ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር። በኋላ ግን የሚታየኝ አልጋውን ለሚቀጥለው በሽተኛ ማንጠፍ ብቻ ሆነ።»

ይህ ነገር ስም አለው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የኒውዮርክ የሥነ ልቦና ሐኪም፣ ቀን በራሱ ክሊኒክ ማታ ደግሞ በነፃ ሕክምና መስጫ ሲሠራ ቆይቶ ራሱም ባልደረቦቹም ተንጠፍጥፈው ሲያልቁ አየ። እ.ኤ.አ በ1974 ያየውን ጽፎ ሁኔታውን ነድዶ እንዳለቀ ነገር ስም ሰጠው። እኛ በሥራ መዛል እንበለው። ከእርሱ በኋላ ክርስቲና ማስላክ የተባለች ተመራማሪ ይህ መዛል ሦስት መልክ እንዳለው አሳየች። አንደኛው ጉልበት መሟጠጡ ነው። ሁለተኛው በሽተኛን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ዕቃ ማየት ነው። ሦስተኛው ደግሞ «የሠራሁት ሁሉ ከንቱ ነው» ማለት ነው። ሴትዮዋ ይህን ጥናት አላነበቡም፤ ነገር ግን ሁለቱን መልኮች በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ በ2019 ጉዳዩን በበሽታዎች መዝገቡ ሲያሰፍር በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ነገር ነው አለ። ይህን ልብ በሉ! ጥፋቱን ከሴትዮዋ ልብ ላይ አንስቶ ሥራው ከተደራጀበት መንገድ ላይ አኖረው ማለት ነው።

ለመሆኑ የቀደሙት ሰዎች ይህን አያውቁም ነበርን?

የሩፈይዳ አል-አስለሚያን (ረ.ዐ) ታሪክ ያልሰማ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ) ክንዱ ላይ በቀስት ሲቆስል፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቁስለኞችን ወደምታክመው ወደ እርሷ ድንኳን እንዲወሰድ አዘዙ፤ ጠዋትና ማታም እየሄዱ ይጠይቁት ነበር። ታሪኩን ስናወራ ግን አንድ ነገር እንዘነጋለን። ሩፈይዳ ብቻዋን አልነበረችም። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) በሰባት ዘመቻዎች ወጥታ ምግብ አዘጋጅታለች፣ ቁስለኞችን አክማለች። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝም (ረ.ዐ) ከሌሎች ሴቶች ጋር ውኃ ታጠጣና ቁስለኞችን ወደ መዲና ትመልስ ነበር። ሸክሙ በብዙ ትከሻ ላይ ያረፈ ሸክም ነበር።

በኋላ ሆስፒታሎች ሲቋቋሙ ይህ መከፋፈል ሥርዓት ሆነ። በ372 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 982) በባግዳድ የተከፈተው የዐዱዱ-ደውላ ሆስፒታል ሃያ አራት ሐኪሞች ነበሩት። ከእነርሱ አንዱ፣ ጅብሪል ኢብን ዑበይዱላህ የተባለ የታወቀ ክርስቲያን ሐኪም፣ በሳምንት ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ተረኛ እየሆነ በወር ሦስት መቶ ድርሃም ይከፈለው እንደነበር ተጽፏል። ሁለት ሌሊት! ከሺህ ዓመት በፊት የሰው ጉልበት ልክ እንዳለው የገባቸው ሰዎች ነበሩ። በካይሮም ሱልጣን ቀላዉን፣ ገና አሚር ሳለ ደማስቆ ውስጥ ታሞ ከኑሪ ሆስፒታል በመጣለት መድኃኒት ድኖ ነበርና፣ እ.ኤ.አ በ1284 ትልቅ ሆስፒታል አሠርቶ ወቅፍ አደረገለት። ከወቅፉ ገቢ የሚተዳደሩት በሽተኞቹ ብቻ አልነበሩም፤ ወንዶችና ሴቶች አስታማሚዎችም ተቀጥረውበት ነበር።

ወደ እኛ ዘመን ቀረብ ስንል የምናገኘው ምሳሌ የተለየ ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ በ1854 ሠላሳ ስምንት ነርሶች ይዛ ኢስታንቡል አጠገብ ወዳለው የኡስኩዳር የጦር ሆስፒታል መጣች። ዓለም የሚያስታውሳት ሌሊት መብራት ይዛ በአልጋዎች መካከል ስትዞር ነው። ዘጠና ዓመት ኖራለች፤ ከጦርነቱ ከተመለሰች በኋላ ግን ብዙውን ዕድሜዋን ታማ በአልጋ ላይ ሆና እንደሠራች የሚነግረን ጥቂት ነው። ለነርሶች ያስተማርነው መብራቱን ብቻ ነው።

በሀገራችን ልዕልት ፀሐይ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ እ.ኤ.አ በ1939 ተመረቀች፤ ሀገሯ ገብታ ብዙም ሳትቆይ እ.ኤ.አ በ1942 ነቀምት ላይ አረፈች። ጎንደር ደግሞ በደምቢያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1954 የጤና ኮሌጅ ተከፈተባት። ከዚያ የወጡት ነርሶች የተዘጋጁት ለገጠር ጤና ጣቢያ ነበር። እናቶችን ማየት፣ ሕፃናትን መከተብ፣ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ቤት ለቤት መዞር። እንደ እኔ አስተያየት ሥራው ሲነደፍ የሃያ ዓመት ጉልበት ታስቦ ነው። የሃምሳ አምስት ዓመት ጉልበት ግን ያን ዳገት እንዴት ይወጣዋል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስለኝም። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣው በስልሳ ዓመቱ ነውና፣ ወገቧ በሽተኛ በማንሳት የተጎዳ ነርስ ከሃያ ዓመቷ ወጣት እኩል ሌሊት ታድራለች።

በዚህ ላይ የዘመኑ ሸክም ተጨመረ። እ.ኤ.አ 2020 «የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት» ተብሎ ተሰይሞ ነበር፤ ያው ዓመት ኮቪድ የገባበት ሆነ። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ በክልላችን የተቀሰቀሰው ግጭትም ለጤና ተቋማት አልራራም፤ በተዘጋ መንገድ መድኃኒት አያልፍም፣ ቁስለኛ ግን ይመጣል። በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች በብዙ የሀገሪቱ ክፍሎች የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ደመወዙ የመንግሥት ጉዳይ ነው ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። የእኛ ግን የለም?

ሃያ ሆነን አንድ አልጋ ስንከብ፣ በሽተኛ መጠየቅ ምንዳ አለው ብለን ነው። መልካም ነው። ሆኖም የቀደሙት ዑለማእ ጥየቃው አጭር ይሁን ማለታቸውን እንረሳዋለን። ሃያችንን ገፍታ ወደ አልጋው የምትደርሰው ያቺው አንዷ ነርስ ናት። ሰልማን አል-ፋሪሲም (ረ.ዐ) ጓደኛቸው አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) በዒባዳ ራሳቸውን ሲጎዱ አይተው፣ ነፍስህም ቤተሰብህም ሐቅ አላቸው ብለው መክረዋቸው ነበር፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነት ተናገረ ብለዋል። ዒባዳ እንኳ ልክ ካለው የሌሊት ተራ እንዴት ልክ አይኖረውም?

እኒያን የእንጅባራዋን ነርስ «ምን ቢደረግልዎ ይሻል ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የደመወዝ ነገር ያነሳሉ ብዬ ነበር። ጥቂት ዝም ብለው እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉ።

«ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሰው መጥቶ ‹ትንሽ ጋደም በይ፣ እኔ አለሁ› ቢለኝ» አሉ። «አንድ ጊዜ ከዳንግላ ሚስቱን ይዞ የመጣ ሰው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስሯሯጥ አይቶኝ ከፔርሙዙ ሻይ ቀድቶ ሰጠኝና ‹ሲስተር፣ እርስዎ እራት በልተዋል?› አለኝ። አልበላሁም ነበር። ቁጭ ብዬ ጠጣሁት።»

የሰውየውን ስም አያስታውሱም። ሚስቱ ጎህ ሲቀድ ወንድ ልጅ መውለዷን ግን ነገሩኝ።