ኮሶንና ሐሞትን ምን አገናኛቸው?

ቢቸናም ሆነ ሞጣ የበዓል ቅርጫ ሲታረድ ጥሬ ጨጓራ ላይ ሐሞት ጠብ አድርጎ የሚበላ አለ። «መራራ ስለሆነ ኮሶውን ይገድለዋል» ብሎ ለልጁ የሚያጎርስም አይጠፋም።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም፤ የኮሶ መድኃኒትም መራራ ነው። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ስለሚወዱ በየሁለት ወሩ የኮሶ ዛፍን አበባ ወቅጠውና በጥብጠው በባዶ ሆድ ይጠጡ ነበር። ትሉንም ዛፉንም «ኮሶ» ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ዛፉን ከነሥዕሉ አስተዋውቋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመንም የጎጃም አያቶች የሚያውቁት መድኃኒት በአውሮፓ ፋርማሲዎች ይሸጥ ነበር።

ሐሞት ግን ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ያሉትን አሲዶች አወቃቀር ያጠናው ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ቪላንድ የ1927ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። ጉበት እነዚህን አሲዶች ከኮሌስትሮል ይሠራል። ቅባት ስንበላ ወደ ትንሹ አንጀት ይፈስሱና ልክ ሳሙና የድስት ቅባት እንደሚበትን ቅባቱን ይበታትኑታል። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ወደ ሰውነት የሚገቡትም በእነሱ እርዳታ ነው። ሥራቸውን ሲጨርሱ 95 በመቶ ያህሉ ከአንጀት መጨረሻ ተመልሰው ወደ ጉበት ይሄዳሉ።

ታዲያ ትሉ ይህን ፈሳሽ አይፈራውም፤ ይጠብቀዋል እንጂ! በበሬው ሥጋ ውስጥ ያለው እጭ በከረጢት ተጠቅልሎ የተኛ ነው። ጨጓራችን ከረጢቱን ያሟሟለታል፤ አንጀት ሲደርስ ሐሞት ሲነካው አንገቱን አውጥቶ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። በሦስት ወር ገደማ ብዙ ሜትር ይረዝማል። እንዲያውም የቄራ ባለሙያዎች እጩ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ የበሬ ሐሞት በተጨመረበት ፈሳሽ ውስጥ፣ በ37 ዲግሪ ሙቀት ያስቀምጡታል። ሕያው ከሆነ አንገቱን ብቅ ያደርጋል።

ስለዚህ ለልጅዎ የሚያጎርሱት ሥጋ ውስጡ ድረስ የበሰለ ይሁን። በሰገራ ወይም በውስጥ ሱሪ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ካዩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ እንደ ዕድሜና ክብደት ይታዘዛል። የኮሶ አበባን ግን ቤት ውስጥ በጥብጠው ለልጅ አይስጡ፣ ነፍሰ ጡርም አትጠጣው። መጠኑ ሲበዛ የዓይን ብርሃን ይጎዳል፣ ጽንስም ሊያስወርድ ይችላል።