የቡጢ ጓንትና ያሻገረው አደጋ

በ18ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊው ቡጢኛ ጃክ ብራውተን ውስጡ የታጨቀ ጓንት ለልምምድ አቀረበ፤ ዓላማውም የደቀ መዛሙርቱን ፊት ከጉዳት መጠበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 የታተመው የኩዊንስበሪ ደንብ ደግሞ ጓንትን የውድድር ግዴታ አደረገው። ቀድሞ በባዶ እጅ የራስ ቅልን መምታት የእጅን አጥንት ሊሰብር ይችል ስለ ነበር ቡጢኛው ይጠነቀቅ ነበር። ጓንቱ ይህን ሥጋት አቃለለለት። ሙሌቱ የምቱን ግፊት በሰፊ ገጽ ላይ ቢያከፋፍልም፣ ጭንቅላትን የሚያናውጠው ኃይል ፈጽሞ አልተወገደም። እ.ኤ.አ. በ1928 አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ በቡጢኞች ላይ ያዩትን የአንጎል ጉዳት በጽሑፍ አስታወቁ። ስለዚህ የስፖርት መሣሪያ የሚመርጥ ሰው፣ ዕቃው የሚያስቀረውን አደጋ ሲመዝን ወደ ሌላ አካል የሚያሻግረውንም አብሮ ሊመዝን ይገባዋል።